ከሥር ባቡሩ፣ ከላይ ጨርጨር

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣው የድሮው ባቡር ድሬዳዋ አድሮ በማግስቱ ማለዳ ጉዞውን ሲቀጥል፣ አገሩን የሚያውቅ መንገደኛ በግራ መስኮት በኩል ቦታ ይይዝ ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ግራር፣ ቁጥቋጦና አቧራ ነው፤ ሜዳው ወደ አፋር በረሃ እየተንጣለለ ይሄዳል። በግራ በኩል ግን ከጠዋት እስከ ማታ ከዓይን የማይጠፋ ተራራ አለ። ጠዋት ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ እኩለ ቀን ላይ በሙቀቱ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሸንተረሩ አንድ በአንድ ተለይቶ ይወጣል። ባቡሩ ኤረር፣ ጎታ፣ ቢኬ፣ አፍደም፣ ሙሉ፣ ሚኤሶ፣ አሰቦት እያለ ጣቢያ ሲቆጥር ተራራው አብሮት ይጓዛል። ጨርጨር ነው።

ከዚያ ተራራ ላይ ሂርና አለች። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ አለች፤ አርበረከቴ፣ ቁኒ፣ በዴሳና ገለምሶ አሉ። አገሩ ቡናና ማሽላ፣ ጫትና በቆሎ የሚበቅልበት፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ ወይና ደጋና ደጋ ነው። ባቡሩ ግን አንድም ቀን ወደዚያ አልወጣም። ስለ ምሥራቁ የባቡር ጉዞ የጻፉ እንግዶች ተራራውን በሩቁ አይተው አልፈዋል፤ የባቡሩም ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚተረከው ከቆላው ወገን፣ ከጅቡቲ፣ ከድሬዳዋና ከአዋሽ ነው። ከደጋው ወገን ሲታይ ግን ታሪኩ ሌላ ነው። ሀዲድ ያልነካቸው ከተሞች በሀዲዱ ምክንያት ተለውጠዋል፤ ያ ለውጥ በሚገባው መጠን አልተነገረም።

ከባቡሩ በፊት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር። ከሐረር ወደ ሸዋ የሚሄድ ሰው ሁለት ምርጫ ነበረው። አንደኛው በቆላው የሚያልፍ የበረሃ መንገድ ነው፤ አጭርና ሜዳማ ቢሆንም ውኃው የራቀ፣ ሙቀቱ ከብት የሚጨርስ፣ ከአፋርና ከኢሳ ጎሳዎች ጋር ሳይስማሙ የማይታለፍ ነው። ሁለተኛው በቁልቢ፣ በጨለንቆ፣ በሂርናና በቁኒ አድርጎ የጨርጨርን ጀርባ ይዞ የሚሄደው የደጋ መንገድ ነው። አቀበትና ቁልቁለቱ በቅሎ ያደክማል፤ ነገር ግን ውኃ፣ ሣር፣ እህልና ጥላ አለበት። ጨለንቆ በ1879 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ የሐረሩን አሚር አብዱላሂን ድል ያደረጉበት ቦታ ነው። ከዚያ ወዲህ ሲራራ ነጋዴውም፣ ወታደሩም፣ የመንግሥት መልእክተኛውም የሚመላለሰው በብዛት በዚህ በደጋው መንገድ ሆነ።

የውጭ እንግዶችም በዚያው አለፉ። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1889 ዓ.ም. በሬኔል ሮድ የተመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከዘይላ ተነስቶ፣ ሐረር ገብቶ፣ ጨርጨርን ተሻግሮ አዲስ አበባ ደረሰ። ከቡድኑ አባላት አንዱ የነበረው ካውንት ግላይሸን ጉዞውን መጽሐፍ አድርጎ በቀጣዩ ዓመት ለንባብ አበቃው። እነዚያ ሰዎች በበቅሎ ተጉዘው ብዙ ደክመዋል። ነገር ግን የቁኒን ደን በእግራቸው አቋርጠዋል፤ ጥዱንና ዝግባውን በቅርብ አይተዋል፤ ከገበሬው እህልና ወተት ገዝተዋል። ከሃያ ዓመት በኋላ ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ በሥሩ ያለፈው መንገደኛ ይህን ሁሉ አላገኘም።

ሀዲዱ በደጋው እንዳይወጣ ያደረገው አቀበቱና የገንዘብ እጥረቱ ነው። ምኒልክ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ለ99 ዓመት የሚቆይና ሦስት ክፍል ያለው ነበር፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ደግሞ ወደ ካፋና ወደ ነጭ አባይ። ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሌዎን ሼፍኔ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራውም በጥቅምት 1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተጀመረ። የሀዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነበር። ጠባብ ሀዲድ ወጪ ይቀንሳል፣ ጠመዝማዛም ይችላል፤ ቢሆንም ሐረር ለመድረስ ከቆላው ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ መውጣት ነበረበት። ያን አቀበት የሚከፍልበት ገንዘብ ኩባንያው አልነበረውም። ስለዚህ ሐረር ተተወች፤ በተራራው ግርጌ ባዶ ሜዳ ላይ ጣቢያ ተሠራ፤ ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ መጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተወለደች።

እዚያ ላይ ሁሉ ነገር ቆመ። ኩባንያው ዕዳ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የፈረንሳይ መንግሥት እጅ እየበዛበት መምጣቱ ምኒልክን አስቆጣ፤ እንግሊዝና ኢጣልያም በየበኩላቸው ድርሻ ጠየቁ። ለዓመታት የባቡሩ መጨረሻ ድሬዳዋ ሆኖ ቆየ። በ1896 ዓ.ም. ከአሜሪካ የመጣው የመጀመሪያው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ድረስ በአንድ ቀን ሲደርስ፣ የቀረውን መንገድ ግን በበቅሎና በግመል ሳምንታት ፈጅቶ ነው አዲስ አበባ የገባው። የንግድ ውል በታኅሣሥ ተፈራርሞ ተመለሰ። ለአንድ መንግሥት ልዑክ ይህ ትዝታ ነው፤ ለነጋዴው ግን ኪሳራ ነበር። ቡና የጫነ ግመል ሐዲድ እስኪያገኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንደሚያርፍ፣ በየኬላው ስንት እንደሚከፍል የሚያውቀው ነጋዴው ነው።

በጥር 1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጠ። ተቀባዩ የምኒልክ ሐኪም የነበሩት የጓዴሉፑ ተወላጅ ዶክተር ጆሴፍ ቪታልየን ሲሆኑ፣ ከዚያ የተወለደው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ከድሬዳዋ ቀጠለ። መሐንዲሶቹ ተራራውን በግራ ትተው የጨርጨርን ግርጌ ተከተሉ። ለኩባንያው ምርጫው ትክክል ነበር፤ ሜዳው ርካሽ ነው። ለአገሩ ግን ሀዲዱ እህልና ቡና፣ ሰውና ከተማ ያለበትን ሸሽቶ ሰው በሳሳበት ምድር ማለፉ ቀላል ነገር አልነበረም። በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ የመንገዱ ጠቅላላ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር ሆኖ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ በጨርጨር ደጋ ላይ ያለፈ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የለም።

ያም ሆኖ የደጋው ዝናብ ወደ ሀዲዱ መውረዱን አላቆመም። ክረምት ሲገባ ከጨርጨር ወርዶ ደረቁን የአሸዋ ወንዝ በአንድ ሰዓት የሚሞላው ጎርፍ ድልድይ ያናጋል፣ አፈሩን ከሀዲዱ ሥር ጠርጎ ይወስዳል። በእንፋሎት ዘመን ደግሞ ባቡሩ ራሱ ውኃ ጠጪ ነበር፤ በየጣቢያው ቆሞ ጋኑን ሳይሞላ አይንቀሳቀስም። ከባሕሩ ወደብ እስከ አዋሽ ውኃ ከወርቅ በሚበልጥበት አገር፣ ጣቢያ የሚተከለው ከተማ ባለበት ሳይሆን ውኃ በሚገኝበት ነበር። ከተማው ኋላ መጣ።

ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። የዚያ ዘመን ባቡር በመደበኛው ሌሊት አይሄድም። ከጅቡቲ ማለዳ ተነስቶ ማታ ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ማለዳ ተነስቶ ማታ አዋሽ፣ ከአዋሽ ማለዳ ተነስቶ ማታ አዲስ አበባ ይገባል። ለመንገደኛው ይህ ድካም ቢሆንም ለተመልካች ግን በረከት ነበር፤ ከባሕር ዳርቻ እስከ ሸዋ አምባ ያለው አገር ሁሉ በብርሃን ይታያል። ሁለተኛው ቀን፣ ከድሬዳዋ እስከ አዋሽ ያለው፣ የጨርጨር ቀን ነው። ሳላና ሚዳቋ ከሀዲዱ ራቅ ብለው ይሸሻሉ፤ ሰጎን ከባቡሩ ጋር ትሽቀዳደማለች፤ ከርከሮ ጅራቱን አቁሞ ጫካ ይገባል። በየጣቢያው የኢሳ ሴቶች የግመል ወተት፣ ሻጮች የተቀቀለ እንቁላልና ሙዝ በመስኮት ያቀብላሉ። የኤረር ብርቱካን ዝነኛ ነበር፤ ፍል ውኃዋም እንዲሁ። ማታ አዋሽ ሲደርሱ ጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌ መኝታና እራት ያዘጋጃል፤ በረንዳውና የአበባ ተክሉ በረሃ መሐል መሆናቸው መንገደኛውን ያስገርም ነበር። ቡፌ ዳዋሽ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በዚያው ስሙ ይታወቅ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ጉዞ ታላቁ የጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት 23 ቀን ለሚከበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ መጫን በዓል ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካና ከእስያ የመጡ መሳፍንት፣ ጄኔራሎችና ጋዜጠኞች በጅቡቲ ወርደው በዚህ ባቡር ወጡ። የአዲስ አበባው የለገሃር ጣቢያ ሕንፃ ገና አንድ ዓመት አልሞላውም ነበር፤ የተመረቀው ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው። ከእንግዶቹ መካከል ሁለት ወጣት እንግሊዛውያን ነበሩ፤ አንዱ ደራሲው ኢቭሊን ዎ፣ ሌላው አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገው ዊልፍሬድ ቴሲጀር። ዎ ጉዞውን በፌዝ ቀለም ጽፎ ለዓለም አስነበበው፤ ቆላውን አይቶ አገሪቱን በቆላው ለካት። ቴሲጀር ግን ከባቡሩ ወረደ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1926 ዓ.ም.፣ ከአዋሽ ጣቢያ በግመል ተነስቶ የአዋሽን ወንዝ መጨረሻ ፍለጋ ሄደ፤ መንግሥት ከመንገድ ቢመልሰውም ሁለተኛ ተፈቅዶለት ወንዙ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚቀር አረጋገጠ። ሁለቱ ያዩት አንድ መስኮት ነው፤ የተማሩት ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

የደጋው ሰው ወደ ባቡሩ የሚወርደው በሚኤሶ በኩል ነበር።

ሚኤሶ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ አሰበ ተፈሪ ደግሞ 1,800 ሜትር ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙ ባይበልጥም፣ ከግመል አገር ወደ በሬ አገር የሚያሻግር አቀበት ነው። የጨርጨር ቡና በግመልና በአህያ እየወረደ ሚኤሶ ጣቢያ ላይ ይመዘናል፣ ወደ ፉርጎ ይጫናል፤ በዓለም ገበያ ግን የሚታወቀው በሐረር ቡና ስም ነው። በምትኩ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ላምባ፣ ስኳርና ቆርቆሮ ወደ ደጋው ይወጣል። በሂርናና በአሰበ ተፈሪ የሣር ክዳን በቆርቆሮ የተለወጠው በዚህ መንገድ ነው። የሚኤሶ ገበያ ኦሮሞ፣ ኢሳና አፋር የሚገናኙበት፣ ሲስማሙ የሚነግዱበት፣ ሲጣሉ ደግሞ ደም የሚፈስበት ነበር።

የመንግሥትም ዕድል አንድ ጊዜ እዚህች ጣቢያ አጠገብ ተወስኗል። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን መውረዳቸው አዲስ አበባ ላይ ሲታወጅ እሳቸው ሐረር ነበሩ። ወደ ዋና ከተማው የላኩት ጦር ሚኤሶ ላይ ከሸዋ ጦር ጋር ገጥሞ ተመለሰ፤ ኢያሱም ወደ አፋር በረሃ ሸሹ። ያን ጊዜ ሀዲዱ ወደ አዲስ አበባ የሚገባበት የመጨረሻው ሥራ እየተጠናቀቀ ነበር፤ ጦርና ስንቅ በባቡር ማመላለስ የሚችል ወገን ዕድሉ የሰፋ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጨርጨር የተማረ አስተዳዳሪ አገኘች። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኰንን ቤት ያደጉ፣ ከዐድዋ በኋላ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት የተማሩ፣ የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን የጻፉ ሰው ናቸው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ረቂቅ የእሳቸው ሥራ ነው። እኒህ ሰው ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ አሰበ ተፈሪን በአዲስ መልክ አቀኑ። ሹሙ በዘፈቀደ በሚያስገብርበት ዘመን ግብሩ በመዝገብ፣ ከተማው በዕቅድ እንዲሆን ጣሩ። የከተማዋም ስም ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩትን የራስ ተፈሪን ስም የያዘ ነው። ዋናው ነገር ግን የቦታው አመራረጥ ነው፤ የአሰበ ተፈሪ ዕድገት ከሚኤሶ ጣቢያ ቅርበት ተለይቶ አይታይም። ቀደም ሲል የአውራጃው ማዕከል የነበረችው ቁኒ በደጋው መንገድ ላይ ሆና ስትቀር አዲሲቱ ከተማ ፊቷን ወደ ባቡሩ አዞረች።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ ጨርጨርን የተረከቡት ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። የእኒህ ሰው ሕይወት ራሱ የጉዞ ታሪክ ነው። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ከወላጆቻቸው ተለይተው በእንግሊዝ ጦር እጅ የገቡ ሕፃን፣ ሕንድ አድገው ሐኪም የሆኑ፣ በርማ ያገለገሉ፣ ከዐድዋ በኋላ አገራቸውን ፈልገው የተመለሱ ናቸው። ጨርጨር በእሳቸው ዘመን ለሌሎች አርአያ የምትሆን አውራጃ እንድትሆን ታሰበ። ከዚያ በ1927 ዓ.ም. ወደ ለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ሄዱ። ሁለቱን የአገሪቱን ቀዳሚ ምሁራን በተከታታይ ያገኘች ሌላ አውራጃ ማግኘት ይከብዳል፤ ለዚህም ምክንያቱ ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣ ደብዳቤ፣ መጽሐፍ፣ የእርሻ መሣሪያ ሚኤሶ ላይ ይወርዳል፤ አስተዳዳሪውም ሲጠራ በአንድ ቀን ተኩል አዲስ አበባ ይገባል። ዘመናዊነት በጨርጨር የተሞከረው ዓለም በሥሩ ስለሚያልፍ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ ወረራ ምክንያት ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ሀዲድ ነው። ባቡሩ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በጨርጨር ግርጌ አልፎ በማግስቱ ጅቡቲ ደረሰ። ሳምንት ሳይሞላ ከአዲስ አበባ በባቡር የተላከው የኢጣልያ ጦርና ከኦጋዴን በኩል በግራዚያኒ የተመራው ድሬዳዋ ላይ ተገናኙ። ተክለ ሐዋርያት በመንግሥታቱ ማኅበር ጄኔቫ ላይ የአገራቸውን አቤቱታ ሲያሰሙ ቆይተው ተመልሰው ነበር፤ ከወረራው በኋላ ተሰደው ብዙ ዓመት ማዳጋስካር ኖሩ። ከስደት ሲመለሱ የመረጡት ኑሮ ቤተ መንግሥት አይደለም። ሂርና ላይ ገበሬ ሆኑ።

ኢጣልያ በጨርጨር ላይ የተወችው ትልቅ ነገር መኪና መንገድ ነው። አሰበ ተፈሪን አስባ ሊቶሪያ ብላ ሰየመቻት፤ ከአዋሽ በአሰበ ተፈሪ፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚወስደውን መንገድ ተራራውን እየቆረጠች ሠራች። በባቡሩም ላይ ሊቶሪና የተባለውን በናፍጣ የሚሄድ የመንገደኛ ባቡር አምጥታ ጉዞውን በእጅጉ አሳጠረችው። በሥራው ላይ የወደቀው ጉልበት፣ የተወሰደው መሬትና የተገደለው ሰው የማይረሳ ነው። መንገዱ ግን የጥንቱን የሲራራ ነጋዴ መስመር መልሶ ሕያው አደረገው። በ1933 ዓ.ም. መጋቢት ወር ሐረርንና ድሬዳዋን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠውም በዚሁ በደጋው መንገድ ነው፤ ከሚኤሶ ወደ አዋሽ ወርዶ፣ የፈረሰውን ድልድይ ጠግኖ፣ መጋቢት 28 ቀን ዋና ከተማዋ ገባ።

ከዚያ ወዲህ ሂርና የመኪና መንገደኛ ከተማ ሆነች። ታኅሣሥ 19 ወደ ቁልቢ ገብርኤል የሚጎርፈው ምእመን በከፊሉ በባቡር ድሬዳዋ ድረስ ሲሄድ፣ በከፊሉ ደግሞ በአውቶቡስና በእግር በአሰበ ተፈሪና በሂርና ያልፋል። ምሳ የሚበላው፣ ቡና የሚጠጣው፣ ሲመሽበት የሚያድረው እዚያ ነው። የቡናና የጫት ጭነቱም ከሚኤሶ ፉርጎ እየተቀነሰ ወደ መኪና ዞረ። ባቡሩ ለደጋው የነበረው ጥቅም በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ አነሰ።

ኢትዮጵያ ቱሪዝምን እንደ መንግሥት ሥራ የያዘችው በ1950ዎቹ ነው። ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ፣ የጉብኝቱ ልብ የተተከለው ሰሜን ላይ ነበር፤ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላና አክሱም። ያ የሰሜን ጉዞ የአውሮፕላን ጉዞ ነበር፤ ዲሲ 3 ከአንዱ የሣር ሜዳ ወደ ሌላው እያነሳ እንግዳውን ያደርስ ነበር። በሰሜን በኩል በባቡር የሚታይ ውበት ቢኖር ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው ነበር፤ በ1904 ዓ.ም. አስመራ የደረሰው ያ መስመር በ118 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከባሕር ጠረፍ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። የኢጣልያ መሐንዲሶች እዚያ ያደረጉት፣ የፈረንሳዩ ኩባንያ በሐረር ላይ የሸሸውን ነው። የምሥራቁ ባቡር የተራራ ባቡር ባይሆንም፣ ከአስመራው መስመር ሌላ በኢትዮጵያ ምድር ሰው ለመንገዱ ሲል የሚሳፈርበት እሱ ብቻ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ሲቋቋም ሀዲዱ ፓርኩን አቋርጦ ያልፍ ስለነበር ሳላን ከባቡር መስኮት ማየት የቱሪስቱ ደስታ ሆነ። የጨርጨር ደጋ ግን በየትኛውም የጉብኝት ዕቅድ ላይ በቂ ቦታ አላገኘም። ይህ ስሕተት ነበር፤ ተራራው እዚያው ነበረ፣ መንገዱም ነበረ።

መከራውም ብዙ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ድልድዮች ፈርሰው ባቡሩ ለወራት ተቋረጠ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የመንገደኛ ባቡር በድልድይ መታጠፊያ ላይ ከሀዲዱ ወጥቶ ወደ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። በአፍሪካ የባቡር ታሪክ እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አደጋዎች አንዱ ነው፤ በአገራችን ግን እንደሚገባው አይታሰብም። ኋላ ላይ ፉርጎው የኮንትሮባንድ ልብስና ኤሌክትሮኒክስ የሚያመላልሱ የድሬዳዋ ሴቶች የኑሮ መስክ ሆነ፤ ልጅ ያሳደጉበት፣ ቤት የሠሩበት ንግድ ነው። ሀዲዱ አረጀ፣ ሞተሩ መለዋወጫ አጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል የመንገደኛ አገልግሎቱ ቆመ።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ፣ የሀዲዱ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። የጨርጨር ሰው ልብ የሚለው አንድ ነገር አለ። ሥራውን የተከፋፈሉት ሁለት የቻይና ኩባንያዎች ናቸው፤ አንዱ ከሰበታ እስከ ሚኤሶ፣ ሌላው ከሚኤሶ እስከ ጅቡቲ ጠረፍ። ሁለቱ ሀዲዶች የተገናኙት ሚኤሶ ላይ ነው፤ ያቺ የቡና ማውረጃ ጣቢያ ከመቶ ዓመት በኋላም የመንገዱ መገጣጠሚያ ሆነች። አዲሱም ባቡር እንደ አሮጌው የተራራውን ግርጌ ይዞ ነው የሚሄደው። ጣቢያዎቹ ከየከተማው ወጣ ብለው ስለተሠሩ ባቡሩ የገበያተኛውን ድምፅ አይሰማም፤ መስኮቱም አይከፈትም፤ የኤረር ብርቱካን በእጅ አይቀበሉበትም። ፍጥነቱ ግን አንድ ቀን ይፈጅ የነበረውን መንገድ የጥቂት ሰዓት አድርጎታል።

ድሬዳዋ ላይ የአሮጌው ባቡር ወርክሾፕ፣ ሞተሮቹና የፈረንሳይ ማሽኖቹ ዛሬም ይታያሉ፤ ጎብኚም ይገባል፤ ሥራውን የሚያውቁ አዛውንት በፈረንሳይኛ የተማሩትን የዕቃ ስም እየጠሩ ያስረዳሉ። ያ ጥበቃ ወደ ምዕራብም መዝለቅ አለበት። የሚኤሶ አሮጌ ጣቢያ የልጅ ኢያሱን ጦርነት፣ የጨርጨርን ቡናና የአሰበ ተፈሪን ውልደት በአንድ ቦታ የሚነግር ሕንፃ ነው። ከአዲስ አበባ በመኪና የሚመጣ መንገደኛ ሚኤሶን አልፎ አቀበቱን ሲወጣ፣ 326 ኪሎ ሜትር ላይ ጭሮ ይደርሳል፤ ከዚያ በአርበረከቴ በኩል ወደ ምሥራቅ ሲቀጥል፣ በቀኝና በግራው እርከን የተሠራለት የቡናና የጫት ማሳ እየታጠፈ፣ መንገዱ የሸንተረሩን ጫፍ ይዞ ይሄዳል። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን በሰሜን በኩል ቆላው ከሥር ተዘርግቶ ይታያል። በዚያ አቅጣጫ ሁለት ሀዲዶች ተያይዘው ያልፋሉ። የጨርጨርን ባቡር ታሪክ ለቱሪስት የሚተርክ አስጎብኚ ከድሬዳዋ ብቻ መጀመር የለበትም፤ አንድ ሌሊት ሂርና ላይ አሳድሮ፣ ተክለ ሐዋርያት ባረሱበት አገር አዙሮ፣ ከዚያ ወደ ሚኤሶ ማውረድ ይችላል።